ሃያ አንደኛዋ ሽምብራ

ዲፕስሉት፣ ጆሀንስበርግ
ሰኔ 20 ቀን 2013

ለተከበርከው ለሚስቴ ወንድም፣

እንደምን ከርመሃል? የደርባን ባሕር ደረትህን አልጎዳውም? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያ ብርድ የማይወደው ጉልበትህስ? እኔ ለጌታ ምስጋና ይድረሰውና ሱቄ ውስጥ ከሌባ መከላከያው ሽቦዬ ጀርባ ተቀምጫለሁ።

በጽሕፈቴ እንዳትስቅ። እስከ ዛሬ ከእኔ ይመጣልህ የነበረውን የምትጽፈው እህትህ ነበረች። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ታሳምረዋለች። አሁን የሚያሳምር የለም፤ እንዳለ ተቀበለው። በሌላ ሰው እንዳላስጽፍም ነገሩ ለሌላ ጆሮ አይሆንም።

የዕድሩ ምርጫ ነገር ነው።

ዱርንፎንቴን የዕድሩ ግቢ ውስጥ አፋችንን ሸፍነን፣ ወንበር ከወንበር አራርቀን የተቀመጥንበትን ቀን አትረሳውም። ፊደል የማንቆጥር ስለበዛን በእህል መረጥን። ለፋንታሁን ባቄላ፣ ለአሳምነው በቆሎ፣ ላንተ ሽምብራ። ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ታደለ፤ አንዷን ጨርቅ የለበሰው ባልዲ ውስጥ መክተት፣ ሁለቱን ወደ ከረጢቱ መመለስ። ብዙ ያገኙት ሁለቱ ለመጨረሻው ዙር ያልፋሉ።

አንተ የተነሳኸው ለአንድ ነገር ነበር። በበሽታው ጊዜ በጥድፊያ የቀበርናቸው፣ ራስጌያቸው ላይ ቁጥር ያለበት ብረት ብቻ የተተከለላቸው፣ ዕድሩ ስማቸውን ያስጽፍላቸው አልክ። ፋንታሁን ደግሞ ዕድር የቋሚ ነው፣ ሙት ስም አይጠይቅም አለ። እህትህ ከነዚያ አንዷ ናት።

ሃያ አንድ ሰው ቃል ገባልህ። ሲቆጠር ሃያ ሽምብራ ወጣ። አሳምነው በሃያ አንድ በቆሎ አለፈ። በአንዲት ፍሬ ወደቅህ። የአሳምነው ጎረቤት ስለሆነ ብቻ የአጎትህን ልጅ ዱካሞን በሰው ፊት ይሁዳ አልከው። እጄ ይቆረጥ ብሎ ማለልህ፤ አላመንከውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዕድሩ ሰው ሰላም የሚለው የለም። ለሠርጉ እንኳ አንድ ሰው አልሄደለትም።

ዱካሞ አይደለም። እኔ ነኝ።

ሳትቀድደው ጨርሰው። ልቤ ካንተ ጋር ነበር፤ ብልጠት ግን ገባብኝ። ባለሱቁ ሁሉ የፋንታሁንን አፍ ያያል፤ በመጨረሻው ዙር ከሱ ጋር ብትገጥም ይረታሃል አልኩ። አሳምነው የዋህ ነው፤ እሱን ታሸንፈዋለህ። እንግዲያው የኔን ድምፅ ለአሳምነው ሰጥቼ ፋንታሁንን ገና በመጀመሪያው ላስቀረው ብዬ አሰብኩ። ያንተን ማለፍ ማን ይጠራጠራል? የኔዋ አንዲት ፍሬ ምን ታጎድልበታለች? በቆሎዋን ከተትኩ። ፋንታሁን ሠላሳ ባቄላ ነበረው፤ ብልጠቴ አልጫረውም። ያስቀረሁት አንተን ነው።

እህትህ፣ አንተ ሰውዬ ፊት ለፊት የተከፈተልህን በር ትተህ በጓሮ ትዞራለህ ትለኝ ነበር።

ተቆጥተህ ስለወጣህ የመጨረሻውን ዙር አላየህም። ያንተን ሽምብራ ወደ ከረጢቱ አልመለስኳትም ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ባቄላና በቆሎ ሲታደል እኔ እሷን ከተትኩ። ሲቆጠር ብቅ አለች። ፋንታሁን በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረጋትና፣ ይቺን የጣለው ሙት ነው፣ ሙታንም መምረጥ ጀመሩ እንዴ ቢል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ፣ ሳቅሁ። ሲሚንቶው ላይ ወረወራት። ጫማዬን አቆምኩባት፤ ሰው ሲበተን አነሳኋት።

ከዚያ ወዲህ እህትህ ትመጣለች። በሕልም አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ። በዙሉኛ ሰላምታ ሳውቦና ባባ ብላ ዳቦ የምትገዛ ሴት በሽቦው እጇን ስታሾልክ፣ እጁ የእህትህ ነው፤ አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር። ቀና ስል የሰፈር ሴት ናት። አንድ ቀን ከሳሙናው ካርቶን ኋላ ሆና፣ ማነኝ አለችኝ። ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ነገርኳት። እሱ ስም ነው ወይ አለችኝ።

ስሟን መጻፍ ልማር ብዬ ዱካሞን ለመንኩት። ከስሟ ጀምሮ ፊደሉን ሁሉ በካርቶን ላይ አስተማረኝ። ጋሼ፣ ጌን ቀለበቷን አሳጧት፣ ሚስትዎን እንዲህ ነው እንዴ ያገቧት እያለ ያሾፍብኛል። ከት ብዬ እስቃለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ እየሳቅሁ አልነገርኩትም።

ባለፈው እሁድ ሄጄ ብረቱ ላይ በጥቁር ቀለም ጻፍኩላት። ተንጋዷል፤ ግን ጽጌሬዳ ይላል።

ለዱካሞ ደውልለት። ሠርጉ ያለፈው ያለ እናንተ ነው፣ ልጅ ሲወልድ እንኳ ድረሱለት። ከፈለግህ ይሄን በዕድሩ ፊት አስነብበው። እኔ ፊት ለፊት አልችልም፤ ኩራቴን ታውቀዋለህ። ጊዜም የለኝ።

ዱካሞ ዛሬም ሽሮ ሠርቶ መጣ። እንዳይገባ ከልክዬው ሽቦው ሥር አስቀምጦልኝ ሄደ። ሚጥሚጣው አፍንጫን ይሰነጥቃል ይለኛል በስልክ፤ እኔ ምንም አልሸተተኝ። ከታመምኩ አራት ቀኔ ነው።

አሁን መንገድ የሚፈቀደው ለዕቃ መኪና ነውና ሾፌሩ ከሊል ያደርስልሃል። ፖስታውን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አውለው ብሎ ይነግርሃል፤ እሺ በለው።

ሽምብራዋ ውስጡ ናት። ያንተ ናት፤ ሃያ አንድ ብለህ ቁጠራት።

ብረቱ ላይ፣ ከስሟ በታች ለአንድ ስም የሚበቃ ትንሽ ቦታ ትቻለሁ። ያንተ ጽሕፈት ከኔ ያምራል።

ጌታ ቤትህን ከደጅ እስከ ጓዳ ይጠብቅልህ። ልጆችህ ስምህን ይጥሩ።

የእህትህ ባል