ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባም

ለብርቄ፣

ተለይተሽኝ ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የሚያመጣልኝ ፖስታ ቤት የለም። እኔ ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው፤ ዝም ብሏል እንጂ። አንቺ እያለሽ ግድግዳው ራሱ የሚያዳምጠው ነገር ነበረው። አሁን ሬዲዮ ስከፍትለት እንኳ ያኮረፈ ይመስለኛል።

የተለወጠውን ልንገርሽ። ለስኳር የምንሰለፍበት የቀበሌው ሱቅ በሩን ወደ ሌላ ጎን አዙሯል፤ ሰልፉ ግን ያው ነው። የሊቀመንበሩ ባለቤት እትዬ ወለቱ ጥርስ አስተክለው፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ መሸፈን ትተዋል። ወደ ቁስቋም የሚወጣውን መንገድ ጎርፍ ቦርቡሮታል፤ አንቺ ዘንድ ስመጣ አንድ ጫማዬን ጭቃው ሊያስቀርብኝ ይታገለኛል። የመጽሐፍ መደርደሪያው እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ወደ እሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ፊልም ተመልሶ መጣ።

ይኸን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው እንዳይደናገር ከሥሩ ልጀምር። አንቺ የተማርሽው ጨርቅ ማቅለም ነበር። ከወዳጅ አገሮች ወደ አንዱ ተልከሽ ሙያውንም ቋንቋውንም ይዘሽ መጣሽ። ቀበሌያችን ይኸን ሲሰማ፣ እሑድ ከስብሰባ በኋላ በአዳራሹ ለሚታየው ፊልም አስተርጓሚ አደረገሽ። ከሸራው አጠገብ ማይክሮፎን ጨብጠሽ ትቆሚያለሽ። ያልተረጎምሽው ነገር አልነበረም። ጀግናው ቢያስነጥስ «ብርድ መቶታል» ትያለሽ። ባቡር ቢያፏጭ «ባቡሩ መሄዱ ነው» ትያለሽ። ወንድና ሴት ትንሽ ረዘም አድርገው ከተያዩ «እንግዲህ እነዚህ ነገር አላቸው» ብለሽ ለመላው ጉለሌ ታሳብቂያለሽ። ፊልም ሠሪው ቢሰማሽ ኖሮ ፊልሙን እንደገና ይሠራው ነበር።

ያ ፊልም የመጣ ሰሞን ግን ተኳርፈን ነበር። ለአናጢ የመጽሐፍ መደርደሪያ አዝዤ፣ አንቺ በሩን በክንድሽ ለክተሽ «ይኸ አይገባም» አልሽኝ። እኔ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰውዬ በሩን በዓይኔ ለካሁና «ይገባል» አልኩሽ። አልገባም። በቁመቱ ሞከርነው፣ በጎኑ ሞከርነው፣ ገልብጠን ሞከርነው። በረንዳ ላይ ቀረ። እንደ ሌላው ሚስት ብትቆጪኝ ይቀለኝ ነበር። አንቺ ዝም አልሽ። ከጎረቤት ጋር ትስቂያለሽ፣ ከድመቷ ጋር ታወሪያለሽ፤ እኔ ጨው ስፈልግ ጨዉ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ያስቀመጠችው ግን አትናገርም። እንደዚያ ሆነን ነው እሑድ አዳራሽ የሄድነው። አንቺ ወደ ሸራው፣ እኔ ወደ ሦስተኛው ረድፍ።

ፊልሙ ሳህን ሲሰበር ይጀምራል። ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው። ማን እንደሰበረው አይታይም፤ ሁለቱ ግን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም። ባሕር ዳርቻ ለምትኖር ልጃቸው ትልቅ ቁም ሣጥን ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ላይ አስረው ይነሣሉ፤ መንገዱን ሙሉ እንደተኳረፉ ናቸው። አንድ ከተማ ሲደርሱ የቁም ሣጥኑ በር ይከፈትና ፍየል ዘላ ትገባበታለች። በሌላው ከሠርጓ የሸሸች ሙሽራ ትደበቅበታለች። ከፍየሏ ጋር በደንብ ተስማምተው ይሄዳሉ። አንድ ኮስታራ ፖሊስ ያስቆማቸውና ልፈትሽ ብሎ በሩን ሲከፍት፣ ውስጥ ያለው መስታወት ላይ ራሱን ያያል። ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጥና ያሳልፋቸዋል። እዚህ ላይ የእኛ አዳራሽ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን አየ፣ ቀጥሎ ሳቀ።

ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ ብዙ መጽሐፍም አንብቤያለሁ። የተኳረፉ ሰዎች በዕቃ እንደሚነጋገሩ የገባው ሰው ግን ያን ፊልም የሠራው ብቻ ነው። አሮጊቷ ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ግማሽ ለእሱ ታስቀምጣለች፤ እሱ ሳያያት አገላብጦ ወደ እሷ ይገፋዋል። ዳቦው ሲመላለስ ይደርቃል።

ሊቀመንበሩ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ጓድ ብርቅነሽ፣ ማብራሪያ የታለ?» አሉ። አንቺም በማይክሮፎኑ፣ ጣሪያው እስኪሰማ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሲናገሩ እተረጉማለሁ» አልሽ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣሽም። ብርቅነሽ ዝም አለች ቢባል ከእንጦጦ እስከ ታች ቢፈለግ የሚያምን ሰው አይገኝም፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ዝናብ ጥሎባቸው ባልና ሚስቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብተው በሩን ሲዘጉ፣ ለረጅም ጊዜ የሚታየው የተዘጋ በርና ዝናብ ብቻ ነው። ቆይቶ አንድ እጅ ይወጣና ውጭ የቀረውን የሷን ጫማ እንዳይረጥብ ስቦ ያስገባል። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳለም።

መጨረሻው ላይ ልጃቸው ቤት ይደርሳሉ። ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባም። በቁመቱ ይሞክሩታል፣ በጎኑ ይሞክሩታል፣ ገልብጠው ይሞክሩታል። ከሦስተኛው ረድፍ ሥር ጉድጓድ ቢኖር እገባበት ነበር። አሮጊቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በፊልሙ ውስጥ ያለችውን አንዲት ንግግር ተናገረች። አንቺ ፊትሽን ከሸራው መለስሽና እኔን ከሰው መሐል ፈልገሽ አገኘሽኝ።

«ነግሬህ ነበር» አልሽ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ወለቱ ናቸው፤ እሳቸው ከሳቁ ሊቀመንበሩ ምን ያደርጋሉ። አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ በሚስቶች ሳቅ ተነቃነቀ። ሸራው ላይ ሽማግሌው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀና ፊልሙ አለቀ። የሱን ራስ መነቅነቅ አልተረጎምሽውም። ዳገቱን ስንወጣ፣ እውነት ሴትዮዋ እንደዚያ ብላ እንደሆነ ጠየቅሁሽ። «በእነሱ ቋንቋ ያጥራል» አልሽኝ። ኩርፊያው በዚህ አበቃ፤ ወሬሽም እስከ ሕመምሽ ድረስ አልተቋረጠም።

ዘንድሮ ፊልሙ ሲመለስ ቀበሌው አዲስ ካድሬ አለው፤ ጓድ ክንፉ ይባላል፣ ልጅ እግር ነው። ቃል የሌለው ፊልም ለሰፊው ሕዝብ አደገኛ ነው ብሎ ረጅም ማብራሪያ ጻፈ። አንባቢው ደግሞ እኔ እንድሆን ተወሰነ፤ የባለቤትህን ቦታ መተካት ክብር ነው ተባልኩ። የምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ በማን ፈቃድ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ። እሺ አልኩ። ወረቀቱ ቁም ሣጥኑን የፊውዳል ሥርዓት ሸክም፣ ፖሊሱን የሕዝብ ንቃት፣ ዝናቡን ጊዜያዊ የኢኮኖሚ ችግር ይለዋል። ፍየሏን አልነካትም። ፍየልን በንድፈ ሐሳብ መያዝ ከባድ ሳይሆን አልቀረም።

አንቺ ትቆሚበት ከነበረው ቦታ ቆምኩ። ከዚያ ሸራው ጠማማ ነው፤ የሰው ፊት ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ለካ ያን ሁሉ እሑድ ስታዪ የኖርሽው እኛን ነው። ማንበብ ጀመርኩ። ሳህኑ ሲሰበር አነበብኩ፣ ፖሊሱ ሰላምታ ሲሰጥ አነበብኩ። ማንም አልሳቀም። ሰዎቹ ለእኔ ሲሉ በጨዋ ደንብ ያዳምጡኝ ነበር፤ እንደ ለቅሶ ቤት። ዝናቡ መጣ። በሩ ተዘጋ። እጁ ጫማውን ፍለጋ ሲወጣ «ጊዜያዊ የኢኮኖሚ» የሚለው ላይ ደርሼ ነበር። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ጓድ ክንፉ «ቀጥል እንጂ ጓድ» አለ ከጎኔ።

«ሲናገሩ እቀጥላለሁ» አልኩት። ድምፄ እንዳንቺ ድምፅ ጣሪያ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ እንደ ድሮው ሆነ። ፍየሏ ከቁም ሣጥኑ ወጥታ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ስታኝክ አንዱ ከአግዳሚው ወድቆ ነበር። ቁም ሣጥኑም በበሩ አልገባም። እኔ ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠጋሁ። አልደረስኩም። አሮጊቷ አፏን ሳትከፍት፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ የጉለሌ ሴቶች በአንድ ድምፅ «ነግሬህ ነበር» አሉ። ቃሉን አልረሱትም፣ ብርቄ። ቃናሽን ሳይቀር ይዘውታል።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ማይክሮፎኑ አሁንም አፌ ላይ ነው። ያኔ ሳትተረጉሚው የተውሽልኝን ተረጎምኩት።

«ልክ ነሽ» አልኩ።

አልሳቁም። እትዬ ወለቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው መለሱት፤ ለጥርሳቸው ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሳምንቱ ለሂስና ግለ ሂስ ተጠራሁ። ጥፋቴ ጽሑፉን በሙሉ አለማንበቤ ነው አልኩ፤ ጓድ ክንፉም ጥፋቴን በትክክል በመረዳቴ ተደሰተ። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ወሰዱ። አሁን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ለመምህራን ጠመኔ አድላለሁ። ጸጥ ያለ ሥራ ነው።

አናጢው ትናንት መጥቶ መደርደሪያውን ቆርጦ ወይ በሩን አስፍቶ ሊያስገባልኝ ጠየቀ። ሁለቱንም እንቢ አልኩ። ከገባማ አንቺ ተሳሳትሽ ማለት ነው። እዚያው በረንዳው ላይ ይቆማል። ስወጣም ስገባም በጎን እያለፍኩት ራሴን እነቀንቅለታለሁ። አላፊ አግዳሚው ምን ሆኖ ነው ይላል፤ አንቺ ግን ትርጉሙን ታውቂዋለሽ።

ያንቺው