ሳልገልጥ የለጠፍኩት ቀይ ወረቀት

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

መብራት የለም። ኮምፒውተሩ በድን። ግድ የለኝም፤ የኔ ሥራ መቀስ፣ ሙጫና ዓይን ነው የሚፈልገው። ዛሬ ሰባት አዋጅ ጨረስኩ። የተሻረ ሕግ ላይ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ፣ የተሻሻለው ላይ አረንጓዴ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲሁ። ተማሪው ቀይ ካየ አልፎ ይሄዳል። ጠበቃውም እንደዚያው። ደባርቅ ውስጥ የትኛው ሕግ እንደሞተ፣ የትኛው እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። ትዕቢት ነው? ይሁን።

የሕግ መምህራኑ ግን «የመጽሐፍ ዘበኛ» ነው የሚሉኝ። አንዱማ ቁልፍ ሲፈልግ ያፏጭልኛል። ለፉጨት አልነሣም። ጉንጩ እስኪደክመው ያፏጭ።

5፡00። አቶ ሙሉቀን መጡ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። ከዚህ በኋላ አቶ ሙ. ብዬ እጽፋለሁ፣ ጣቴ ቀዝቅዟል። ወረቀት ይዘዋል። የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ላይብረሪያኖች ማኅበር በየዓመቱ ከሙያው አንድ ሰው ይሸልማል። የዘንድሮ እጩ እኔ! የጠቆሙኝ ራሳቸው ናቸው፣ ሳይነግሩኝ። ስለ ሥራዬ አንድ ገጽ ልጻፍ፣ ፎቶም ይላክ ተባለ። ሽልማቱ ባሕር ዳር፣ በወሩ መጨረሻ። ከእኛ ዓይነት ትንሽ ከተማ እስከ ዛሬ ማንም አላገኘውም አሉ። ደስ ብሏቸዋል ከልብ።

እፈልገዋለሁ ማስታወሻዬ። ለሰው «ምን ያደርግልኛል» እላለሁ፤ ላንቺ ግን አልዋሽም። በጣም ነው የምፈልገው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን ይጻፍ።

ለፎቶ የሚያምር ጥራዝ ስመርጥ የምትክ መሬቱን ደንብ አነሣሁ። የድሮውን። መሬቱ ለግንባታ የተወሰደበት ገበሬ በምትኩ ሌላ መሬት እንዲጠይቅ የሚፈቅደውን። ቀይ ወረቀት አለበት፣ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ፣ ያምራል። ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ የሻረውን አዲሱን ደንብ አጠገቡ ላስቀምጥ ብዬ አወጣሁ። ገጹ ግርጌ ላይ፣ የድሮው ደንብ ተሽሯል ይላል። ገጹን ገለጥኩ። ጀርባው ላይ አንድ አንቀጽ፣ ሦስት መስመር። ቀድሞ የተጀመሩ ጉዳዮች በድሮው ደንብ መሠረት ይታያሉ።

አላየሁትም ነበር። አዲሱ ደንብ የመጣ ቀን «ተሽሯል» የሚለውን አነበብኩ፣ ሙጫ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ። ወረቀቱን አልገለጥኩም። እስትንፋስ ያለውን ሕግ ቀበርኩት።

10፡30። የአንባቢ መዝገቡን አየሁ። ቀዩ ከተለጠፈ ወዲህ ያንን ጥራዝ ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ለፈተና የምታጠና ተማሪ። ሁለተኛው ለድሀ በነጻ የሚቆመው ወጣት ጠበቃ፣ ይበልጣል የሚባለው። የማንን ጉዳይ ይዞ ነበር የመጣው?

ከኔ በቀር ማንም አያውቅም። ቀዩን ልጬ አረንጓዴ ብለጥፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጥፍሬን ጠርዙ ሥር ሁሉ ከትቼ ነበር። ተውኩት። ተቆጣሁ፣ በራሴ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ማታ 12፡30

ይበልጣል ቢሮ ሄድኩ። ሁለቱን ደንቦች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አነበበ። ገለጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለካ እሱም ቀይ ወረቀቴን አይቶ ነው ጥራዙን የዘጋው።

ባለጉዳይዋ ወ/ሮ ጥሩ ትባላለች። ከቡይት ራስ አካባቢ፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ። የገብስ መሬቷ ለግንባታ ተወሰደ። አዲሱ ደንብ ሳይወጣ ምትክ ጠየቀች፣ ታች ፍ/ቤት ተፈረደባት። ይግባኝ ልትል ስትመጣ ይበልጣል «ደንቡ ተሽሯል፣ ከንቱ ነው» ብሎ መለሳት። የይግባኙ ጊዜ አለፈ። ሁለት ክረምት።

መንገድ አለ? አለ አለኝ። ጊዜው ያለፈው በሷ ጥፋት እንዳልሆነ ካስረዳን ፍ/ቤት ሊፈቅድ ይችላል። ጠበቃው ተሳሳተ ማለት ግን ብቻውን አይበቃም። ስሕተቱ ከመንግሥት ቤተ መጻሕፍት መዝገብ እንደመጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ከነማኅተሙ። ማመልከቻውን የሚያየው ችሎት ሰኞ ሳምንት ነው። እጽፋለሁ አልኩት። ሲሰናበተኝ ስለ ሽልማቱ እንኳን ደስ አለሽ ሊለኝ ጀምሮ ዋጠው።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ 8፡20

ደብዳቤውን ጽፌ አቶ ሙ. ዘንድ አቀረብኩ። ሁለቴ አነበቡት። በሩን ዘጉ። ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉ፣ እያየኋቸው።

ያሉት ባጭሩ፦ ስሕተት ሰው ሁሉ ይሠራል። ወረቀቱን ቀይሪው፣ ይበቃል። ሽልማቱ ይለፍና ስለ ደብዳቤው እንነጋገራለን። እኔ ሽልማቱ ሲያልፍ ችሎቱም አልፏል አልኩ። እሳቸው፣ የተቋሙ ስም አለ፣ ስንት ዓመት መደርደሪያ ለምነን እምቢ ተብለናል፣ ይህ ሽልማት ቢገኝ ይሰሙናል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መደርደሪያው ጎብጧል። ቀጥለው ግን «አንዲት የገጠር ሴትዮ» አሉ። አንዲት የገጠር ሴትዮ!

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ ለአቶ ሙ. አንቱታ የለም። ማኅተሙን ከለከለኝ። ይከልክለኝ።

ኅዳር 9፣ እሁድ፣ ማታ፣ ከዳባት መልስ

ጠዋት በሚኒባስ ዳባት ሄድኩ። አባባን ለማየት፣ ደግሞም ለማማከር። መርጌታ ስለሆኑ ከኔ ይልቅ ያውቃሉ ብዬ። አባባ ግን በስልክ እጩ ነኝ ብያቸው ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ሁሉ «ልጄ ባሕር ዳር ልትሸለም ነው» ብለው አውጀዋል። አውደ ምሕረት ላይ! ሴቶቹ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ቤት ገብተን ሁሉን ነገርኳቸው። ከዚያ ጢማቸውን እየነኩ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ሽልማቱን አስቀድመሽ ተቀበዪ። ኋላ ንስሐ ትገቢያለሽ። እግዚአብሔር መሐሪ ነው» አሉኝ።

አባባ! ከእርስዎ አልጠበቅሁም አልኩ። በዓለ ንግሥ ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ መልእክታትን የሚያነበውን ዲያቆን አንድ ቃል አሳስቶ ቢያነብ ከመሐል አስቁመው ወደ ኋላ የመለሱት ማን ነው? ዲያቆኑ የገዛ ልጅዎ፣ ወንድሜ፣ እያለቀሰ ነው የጨረሰው። ያኔ አያሳፍሩት ስንልዎ፣ ጉባኤ ላይ የሳተ ጉባኤ ላይ ይታረማል ያሉን እርስዎ አይደሉም ወይ?

«ከእኔው ተምረሽ በእኔው!» ብለው ተቆጡ። ተነሥተው ወጡ። መመለሻዬ ሲደርስ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፣ ቃል ሳይተነፍሱ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ፣ «የሴትዮዋ የክርስትና ስም ማን ነው? በጸሎት ላስባት» አሉ።

አላወቅሁትም። ቀኑን ሙሉ ስለሷ ሳወራ ውዬ የክርስትና ስሟን እንኳ አላውቅም። አፈርኩ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል፣ 4፡10

ስልክ። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር። አሸንፈሻል አለችኝ!

ጮህኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ ጮህኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ፣ አንድ ተማሪ ደንግጦ ተነሣ። አሥር ሰከንድ ያህል በዓለም ላይ ከኔ በላይ ደስተኛ የለም። ከዚያ ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን አነበበችልኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ስሕተት ያልተገኘበት ሥራ ይላል።

ይህን እኔ አልጻፍኩም። የኔ ገጽ ገና ረቂቅ ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አቶ ሙ. በስሜ ጽፎ ልኳል።

ነገርኳት። ስሕተት አለ፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በሱ ምክንያት አንዲት ሴት መሬቷን አጥታ ሰኞ ችሎት አላት። ወረቀቱ ታትሟል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ነይና ተቀበዪ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናያለን አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ጨንቋታል። ሽልማቱን አልፈልግም አላልኩም፣ እፈልጋለሁ፣ በዚያ ወረቀት ግን አልቀበልም አልኳት። ለሥራዬ ከሆነ ሥራዬን እንዳለ ሸልሙ፣ ከነእርማቱ። ሕግ ላይ የሚሠራ ሰው ሳያርም ከኖረ አላነበበም ማለት ነው።

5፡00። እውነተኛውን ገጽ በስልኬ ላክሁላቸው። የቀዩን ወረቀት ፎቶ ከገጹ ጀርባ ፎቶ ጋር አያያዝኩት። ለአቶ ሙ. ግልባጭ። ይየው።

ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህም ይጻፍ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ 7 ሰዓት

ወ/ሮ ጥሩ ራሷ መጣች። ይበልጣል ነግሯት። ከተራራው ወርዳ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ በትር ይዛ። አስቀምጬ «ይቅር በዪኝ» ማለት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። አሳዪኝ አለች። ጥራዙን አመጣሁ። ማንበብ አትችልም። ጣቷን ቀዩ ላይ አድርጌ፣ ከዚያ ሌላውን ገልጬ ሦስቱ መስመር ላይ አኖርኩት። ጣቷ እዚያ ቆየ።

«አንድ ቅጠል መግለጥ ከብዶሽ ነው እኔ ሁለት ክረምት ሳላርስ የከረምሁ?»

አዎ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል። ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው ያያሉ፤ ያፏጨው መምህርም በር ላይ ቆሟል። ይስማ።

ማኅተሙን ተከልክያለሁ፣ ደብዳቤዬ ያለ ማኅተም አይቀበሉትም፣ ስለዚህ ምስክር ሆኜ በአካል እቆማለሁ አልኳት። አላመሰገነችኝም። ለምን ታመስግነኝ? ስትወጣ የክርስትና ስሟን ጠየቅሁ፣ አባቴ በጸሎት ሊያስቡሽ ነው ብዬ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። መሬቴ ሲመለስ እነግርሻለሁ ብላኝ ሄደች።

ሳቅሁ። ደነገጥሁም። ሴት ማለት ይህች ናት።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ጾሙ ገባ። ከአቶ ሙ. ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ሰኞ ከሥራ ገበታዬ ብታጣ በዲሲፕሊን እጠየቃለሁ። ይህኛው ማኅተም አለው፣ ደማቅ፣ ሰማያዊ። ማኅተሙ ከመሳቢያ የሚወጣው እኔን ለመቅጣት ነዋ! አጥፌ ደብተሬ ውስጥ አኖርኩት።

ከማኅበሩም መጣ፣ ሁለት መስመር። ኮሚቴው ጉዳዩን እንደገና እስኪያይ የኔ ሽልማት ታግዷል። ለመድረኩ ሌላ ሰው ተጠርቷል።

አመመኝ። እውነት አመመኝ። ነገር ግን ትናንት መደርደሪያውን ከመጀመሪያው ጥራዝ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ቀይ ወረቀት፣ ከነጀርባው። እስካሁን አርባ ሁለት አየሁ፣ ሁሉም ልክ። አላቆምም። ሌላም ካለ ራሴ አገኘዋለሁ፣ ራሴ አወጣዋለሁ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ፣ 3፡40፣ ፍ/ቤት ኮሪደር

አግዳሚ ላይ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አቶ ሙ. ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁም። ሦስተኛውን አነሣሁ፤ ድምፁ ተለሳልሷል፣ አሁንም አልረፈደም ተመለሺ አለ። ፍ/ቤት ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩት፤ የሕግ ላይብረሪያን ሥራዋ ይህ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? ዘጋው።

ይበልጣል ክራቫቱን አሥር ጊዜ አስተካከለ። ዳኛዋ ስሕተቱ የማን ነው ብለው ይጠይቁሻል አለ፣ ተዘጋጂ። መዘጋጀት አያስፈልግም። አንድ ቃል ነው። እስክጠራ ግን እጄ ሥራ ይፈልጋል፣ ለዚህም ነው የምጽፈው።

ወ/ሮ ጥሩ ከአጠገቤ ናት። ብዕሬን እያየች ቆየች። አሁን በሩ ተከፈተ፣ ስሜ ከነአባቴ ተጠራ። ክንዴን በበትሯ ጫፍ ነካ አደረገችኝ። «አንቺ፣ ጽፈሽ ጽፈሽ አትጠግቢም? ግቢና በአፍሽ ተናገሪ» ትለኛለች።

ልክ ናት። ገባሁ።