የሞተው ልጄ ስላገባቸው ጎሎች

ለክለባችን ክቡር ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ወር ወገብዎን አሞዎት እንደ ነበር ከበር ጠባቂው ሰምቼ አዝኛለሁ፤ አንድን መሳቢያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ እያሉ መክፈትና መዝጋት ወገብ ቢያሳምም አይፈረድበትም። ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ። ይህን ለቀልድ አልልም፤ ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ስምዎን አነሳለሁ፣ በምን ምክንያት እንደማነሳው ግን ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንደ ደንቡ በምስጋና መጀመር ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሰው በእጁ እድፍ ይዞ የሌላውን ልብስ ልጠብ ቢል አያምርበትምና ከራሴ እጀምራለሁ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በክለቡ ማሊያዎች ላይ ቁጥርና ስም የምሰፋውም እኔው ነኝ። በዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሰፋሁት ስም፣ ማሊያውን ለብሶ የሚሮጠው የአጥቂው ልጄ ስም አይደለም። የታናሽ ወንድሙ ስም ነው። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በስምንት ወሩ በኩፍኝ የሞተብኝ ልጅ ነው። ወረቀቱን በእጄ ያቀበልሁት እኔ ነኝ፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝሁትም እኔ ነኝ።

ክቡርነትዎ ይህ እንዴት እንደ ሆነ ከእኔ የተሻለ ያስታውሱታል፣ ለሚያነበው ሰው ያህል ግን ልናገር። ያን ጊዜ የታዳጊ ቡድኑ መልማይ ነበሩ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ስለ ነበር ለታዳጊ ቡድን ዕድሜው አልፏል። እርስዎም በስፌት መኪናዬ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «አነስ ያለ ሌላ ልጅ የለህም?» አሉኝ። ነበረኝ፣ ሞተ ብዬ መለስሁ። ጥቂት አሰቡና፣ «ወረቀቱ አልሞተም አይደል?» አሉኝ። እውነትም አልሞተም ነበር። ልጁን ቀብሮ በማግሥቱ ሞቱን ለማስመዝገብ ሰልፍ የሚይዝ አባት እስካሁን አላየሁም፤ እኔም አልሄድሁም። የልደት ወረቀቱን ባለቤቴ በጸሎት መጽሐፏ ገጾች መካከል አስቀምጣው ነበር፤ እሷ ገበያ በወጣችበት አውጥቼ ሰጠሁዎ። አንድ ልጄን ሦስት ዓመት አሳነስሁት፣ ሌላውን ከሞት አስነሣሁት፤ ሁለቱም የፈጣሪ ሥራ እንጂ የልብስ ሰፊ ሥራ አልነበሩም።

ከዚህ ቀጥሎ እርስዎ ለቤተሰባችን የዋሉትን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ልጄን ዝነኛ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ዓመቱ ሃያ ሁለት ጎል ሲያገባ ስታዲየሙ በሙሉ ያንን ስም ዘመረ፤ ልጄ ግን አንድም ቀን ዞር ብሎ አያውቅም። ደጋፊ ከአጥሩ ወዲያ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጠራዋል፣ እሱ ካልሲውን እያስተካከለ ያልፋል። በዚህ የተነሣ «ኩሩው» የሚል ቅጽል ወጣለት። የራዲዮ ተንታኞች ዝና አናቱ ላይ ወጥቶበታል፣ የጠራውን ሰው እንኳ ቀና ብሎ አያይም እያሉ ሲፈርዱበት፣ እኔ መቀሴን ይዤ እሰማ ነበር። ምስኪን፣ ኮርቶ አይደለም፤ የተጠራው እሱ ስላልሆነ ነው። እናቱ በበኩሏ ስታዲየሙን አንድ ቀን ሳትረግጥ ሞተች። ቤታችን ከዚያ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው፤ ጩኸቱ በንፋስ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ብድግ ብላ መስኮቱን ትዘጋለች። አንድ ቀን ሙቀቱ ቢከብደኝ፣ «ኧረ ተይ፣ ታፈንን» ብላት፣ «ልጄን አስተኝቼዋለሁ፤ ለምን ይቀሰቅሱብኛል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን የምዘጋው እኔ ሆንሁ።

፪. ስለ ትዳሩም አመሰግናለሁ። ኩሩው ጎል ብቻ አይደለም ያገባው፣ በዚያው ስም ሚስትም አገባ፤ እርስዎም በሠርጉ ላይ ከፊት ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር። ምራቴ እውነቱን ያወቀችው ከሠርጉ ማግሥት ነው። «ታዲያ እኔ ያገባሁት ማንን ነው?» ብላ ሻንጣዋን አሥራ ሦስት ቀን በር ላይ አስቀመጠች፤ በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን ፈታ ልብሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለች፤ ለዚህ እስከ ዛሬ እጅ እነሳታለሁ። መኖሪያቸውንም በክለቡ ግቢ፣ ከልምምድ ሜዳው ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ስላደረጉላቸው፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በር ጠባቂው በደብተር ስለሚይዝላቸው፣ ልጄ ባለቤቱን ይዞ ለመንሸራሸር የቡድን መሪውን ፊርማ የሚጠይቅ ብቸኛው የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይቅርታ፣ ሃያ ስምንት ማለቴ ነው።

፫. ስለ መሳቢያው። ይህን በየትኛው ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። በየሦስት ዓመቱ ውሉ ሊያበቃ ሲል የሚጠሩት ልጄን ሳይሆን እኔን ነበር። ወንበር ይስቡልኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው መሳቢያውን ይከፍታሉ፣ የሕፃኑን ልጄን ወረቀት አየት ያደርጉታል፣ መልሰው ይዘጋሉ። ማስፈራሪያ ከአፍዎ ወጥቶ አያውቅም፤ ጨዋ ሰው ነዎት። «ኩሩው ክለቡን ይወደዋል አይደል?» ብቻ ይሉኛል። እኔም የሐሰት ሰነድ ምን እንደሚያስከትል እያሰብሁ፣ የእስር ቤቱ በር እየታየኝ ቤቴ እገባና ልጄን አስቀምጬ፣ ያሳደገህን ክለብ ጥለህ የት ትሄዳለህ፣ ውለታ ቢስ መሆን ነውር ነው እያልሁ እሰብክለታለሁ። ሦስት ጊዜ ሰበክሁት፤ ሦስት ጊዜ ፈረመ። አንደኛው፣ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ክለብ ሰው ልኮ በፈለገው ዓመት ነው። የአውሮፕላኑ ቀን እንኳ ተቆርጦ ነበር። «አባዬ አትሂድ ካለ አልሄድም» ብሎ ለመልእክተኛው ሲነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ክር በመርፌ ሳስገባ ቆየሁ። ክሩ አልገባም።

ልጄ ያሠረው ውሉ ይመስለው ነበር። ያሠርሁት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ራሴን ስመረምር ደግሞ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር አገኛለሁ፤ «የኩሩው አባት» ተብዬ በየደረስሁበት ወንበር ሲለቀቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እርስዎ መሳቢያውን ቢከፍቱ ቁልፉን ያቀበልሁዎ እኔ ነኝ። አንዴ ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነና፣ የልጄን እግር ይዤ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጥሁ።

አሁንማ እግሩም ደክሟል። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀዷል። የቡድኑ ወጌሻ፣ ይህ ጉልበት ከሃያ ስምንት ዓመት ሰው የወጣ አይመስልም ብሎ ሲገረም፣ ልጄ ፈገግ ይላል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ አያጫውቱትም፣ አይለቁትም። አንድ ትንሽ ክለብ ሁለት ዓመት አጫውተን ከዚያ ልጆች ያሠልጥንልን ብሎ ቢጠይቅ፣ መልቀቂያ አንሰጥም አሉ። ለአራተኛ ጊዜም ጠርተውኝ መሳቢያውን ከፈቱ።

፬. ስለ ባለቤቴ ቀብር። የዚያን ሰሞን ቡድኑ ለዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ በሆቴል ተዘግቶ ነበር፤ «ከዝግጅት ማንም አይወጣም» ብለው ልጄን አስቀሩት። ቁም ነገር ስለ ነበረው ነው እንዳልል፣ ያን ቀን ትጥቁን ለብሶ ዘጠና ደቂቃ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ አንዲት ደቂቃ አልገባም። እኔ አፈር ስጥል እሱ ውሃ መጠጫ ያቀብል ነበር። በምትኩ ግን የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ ጥብጣቡ ላይ የሕፃኑ ልጄ ስም ተጠርቶ፣ የእሱ እናት ነፍሷን ይማር የሚል ተጽፎበት ነበር። ለዚህ ያለ ምፀት አመሰግናለሁ። ከክለብዎ ከወጡት ጽሑፎች ሁሉ እውነት የተጻፈው እዚያ ጥብጣብ ላይ ብቻ ነው፤ እሷ የሄደችው ወደ እሱ ነው።

፭. አምስተኛውን ጽፌው ነበር። መልሼ ሳነበው ስድብ ሆኖ ስላገኘሁት ሰርዤዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ችዬ ነበር፤ ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ እችለው ይሆናል። ያልቻልሁት ባለፈው ወር ነው። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ይዣት ሄድሁ። መዝጋቢዋ ሙሉ ስሟን ጠየቀችኝ። በአገሩ ደንብ የልጅ ስም፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት ነው። የእሷን ጻፍሁ። የአባቷ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስምንት ወር ኖሮ፣ ሁለት ጥርስ አብቅሎ፣ «አባ» ማለት ሳይጨርስ የሞተ ልጅ የዚህች ልጅ አባት ሊሆን ነው። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች «አባባ፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ» አሉኝ። ልጅቱ ደግሞ ቀና ብላ፣ «አያቴ፣ የአባዬን ስም ረሳኸው?» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ይዣት ወጣሁ። ለዓመታት ለልጄ ስጸልይ በየትኛው ስም ልጥራው እያልሁ «ያ ልጄ» እያልሁ ሳልፍ፣ ፈጣሪ ያውቀዋል ብዬ እጽናና ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን «ያቺ ልጅ» ብሎ አይመዘግብም።

የዚያኑ ቀን ልጄን ከልምምድ ሲወጣ ጠብቄ የመሳቢያውን ነገር ከሥር መሠረቱ ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። የሜዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ፣ ሲያሥር፣ ሲፈታ ቆየ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ክለቡን የምትወደው አንተ መስለኸኝ ነበር» አለኝ። እኔም፣ ይህ ከወጣ እግድ አለ፣ ጎሎችህ ይፋቃሉ፣ እኔም ልታሠር እችላለሁ አልሁት። «ጎሎቹ ይፋቁ፤ ጉልበቴ ዕድሜዬን ለሁሉም ሲናገር ነው የኖረ፣ የዋሸው ወረቀቱ ብቻ ነው» አለ። የእኔ መታሠር ላይ ሲደርስ ግን እጄን ያዘኝ። ከስንት ዓመት በኋላ እጄን እንደ ያዘኝ አላስታውስም።

እንግዲህ ያስቸገርሁዎን ሁሉ ይቅር እንዲሉኝ እየለመንሁ፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለመሳቢያዎ ዕረፍት፣ ለወገብዎ ጤና እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የክለብዎ ማሊያ ሰፊ፣
የሁለት ወንዶች ልጆች አባት፣ አንዱ በሕይወት ያለ

ግልባጭ፦
ለጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጅ
ለክለቡ በር ጠባቂ፣ በደብተሩ እንዲይዘው

ማስታወሻ፦ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ዘግይቶብኝ ነበርና እነሆ፦ ወረቀቱም ሞቷል። ሰኞ ዕለት የሕፃኑን ልጄን ሞት ሃያ ሰባት ዓመት ዘግይቼ አስመዘገብሁ፤ መሳቢያዎ ውስጥ ያለው እንግዲህ የሟች ንብረት ነው፣ በክብር ይያዙልኝ። ለቅዳሜ ያዘዙኝን ዘጠኝ ቁጥር ማሊያም ስሙን በምላጭ ፈትቼ ባዶውን ልኬአለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ የሕፃኑን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የታላቅየውን እውነተኛ የልደት ወረቀትና የፈረምሁበትን የጥፋት ቃሌን በፌዴሬሽኑ የተጫዋቾች ምዝገባ ክፍል ሦስተኛው መስኮት ላይ አስረክቤአለሁ። ልጄ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያነብ ነበር። ጸሐፊዋ ማኅተሙን መታችና እናቱ ያወጣችለትን ስም ጮክ ብላ ጠራች። ዞር አለ።