የአባባ ድምፅ አውድማ ላይ ቀረ

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለእህቴ ለዓለምጸሐይ፤ እንደምን ሰነበትሽ? የሰው አገር ብርድስ፣ ሥራውስ፣ ወገብሽስ እንዴት ነው? እኛ ከአባባ ቀብር ወዲህ አለን ከተባለ አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ከበሬ በስተኋላ ዕድሜውን የፈጀው ወንድምሽ የማታ ትምህርት ጨርሷል። መምህርታችን ሊድያ እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም ብላኛለች። ለምን እንዳለች አልጠየቅኳትም፤ ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት።

እህቴ፣ ቀልዱ እዚህ ይብቃ። ለቀብር ስላልደረስሽ የአባባን ድምፅ ልስማ ብለሽ ነበር። ድምፁ ጠፍቷል።

የአጎታችን ልጅ ቴዎድሮስ አባባ ያዜሙትን ድጓ በስልክ ቀድቶ፣ ኔትወርክ ሲከፈት ሊልክልሽ፣ ንፋስ መውጫ ካሉት ኮምፒውተሮቹ አስገብቶት ነበር። አባባ ሲያርፉ ስልኩ ሞልቶ ለቀብሩ ቪዲዮ ቦታ ታጣ። ዘመድ ሁሉ፣ ድምፁ ኮምፒውተሩ ዘንድ አለ አይደል፤ የስልኩን አጥፉትና ዓለምጸሐይ የካህናቱን ብዛት ትይ፣ አባቷ ያለ ሰው ተቀበረ እንዳትል፣ አለ። ጠፋ።

ቴዎድሮስ እንዳስረዳኝ፣ ኮምፒውተሮቹን በአንድ የሚያዝ ፕሮግራም አለ። ሥራውን የሚያሠራው ኮንቴይነር በሚሏቸው ክፍሎች ነው፤ ክፍሉን አፍርሶ በአዲስ ሲተካ ውስጡ ያለው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከማይጠፋ ማከማቻ የሚያገናኝ ፕለጊን ይጨመርለታል። ለእኔ ወዲያው ገባኝ፤ ክፍሉ አውድማ፣ ማከማቻው ጎተራ፣ ፕለጊኑ መንገድ። ቴዎድሮስ በሰልስቱ ማግስት ፕለጊኑን ጨመረ። ጎተራው ቆመ፣ መንገዱ ተጠረገ፤ ምርቱን ግን አስቀድሞ አላጋዘውም። አዲሱን ማከማቻ ሲያያይዝ አዛዡ ፕሮግራም የአባባ ድምፅ ያለበትን ክፍል አፍርሶ እንደገና ሠራው። ቢከፍተው ባዶ። እንኳን ድጓው ሳላቸውም አልቀረ።

ከእማዬ እግር ወድቆ አለቀሰ። እሷም፣ ተነሥ ልጄ፣ አንዴ የቀበርነውን ደግመን ቀበርነው እንጂ ምን አደረግህ፣ አለችው።

የቀብሩ ቪዲዮ አለ። ካህናቱ ብዙ፣ ጥላው ብዙ፤ እኔም እያለቀስኩ አምሬያለሁ። አባባ ብቻ ዝም ብለዋል።

በመጨረሻው ቅጂ ዜማውን አቋርጠው ስላንቺ ተናግረው ነበር። አጠገባቸው ነበርኩ፤ እኔ ስልክ ስላልሆንኩ አልጠፋብኝም። «ዓለሜ ጋቢዋን ይዛለች?» ነው ያሉት። ቃሉን ጻፍኩልሽ። ድምፁን የሚያስጽፍ ፊደል ግን ሊድያም የላት።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። ባለቤቴ እመቤትና ልጃችን ማሩ ናፍቀውሻል። ቴዎድሮስ ሰላም በልልኝ ለማለት አፍሮ በር ላይ ቆሟል፤ ሳይነግረኝ ስሙን ጻፍኩለት። መልስ ስትጽፊ የእሱንም ስም ጥሪ።

ወንድምሽ ፍሬው ገብረ ኢየሱስ
ላይ ጋይንት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.