በራሪዋ ትኬት ሻጭ

ለውድ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ባልዲ ተሸክመሽ ደረጃ አትውጪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝም አውቃለሁ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ግን ሊገድለኝ ነው። ይህን የምታደርስልሽ ሴት ስለምትታመን ምንም አልደብቅሽም።

በመንግሥት በዓል ላይ በዥዋዥዌ አልበርም በማለቴ ከአገራችን የሰርከስ ቡድን መባረሬን፣ ፖሊስ ደጃችን መመላለሱን ሁሉ እዚህ ታፓቹላ ከተማ ለጥገኝነት ቢሮው አስረድቻለሁ። የቀረኝ የአርቲስት የሥራ ፈቃድ ነበር። በእጄ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ሊያበቃ ስለሆነ፣ ፈቃዱ ካልመጣ እዚህ የምሠራበት ሰርከስ ባለቤት ዶን ፊደንሲዮ ሊያሠራኝ አይችልም።

ፈቃድ የሚሰጠው ሹም “ሥራሽ ምንድን ነው?” አለኝ። እኛ ሰርከሶች ዘንድ “እኔ መብረር ብቻ ነው” ያለ ሰው እንደ ጥጋበኛ ነው የሚታየው፤ ካስማ ያልተከለ ድንኳኑ ውስጥ አይበርም። እኔም ኮራ ብዬ፣ “ትኬት እሸጣለሁ፣ ካስማ እተክላለሁ፣ ሸራ እሰፋለሁ፣ ማታ ደግሞ በዥዋዥዌ እበራለሁ” አልኩት። ምን ብሎ ጻፈ መሰለሽ? “ትኬት ሻጭ!” ፈቃዱንም ከለከለኝ።

ኤቫሪስቶ፣ ስበር በእጁ የሚቀልበኝ የዶን ፊደንሲዮ ልጅ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ፈንዲሻ መቁላትሽንስ ለምን ረሳሽው?” ብሎ ሳቀብኝ።

ይግባኝ አልኩ። ሹሙ ራሱ ሊያጣራ ሰርከሱ ድረስ መጣ። የዚያን ቀን ትኬት የመሸጥ ተራ የእኔ ነበር! ከእጄ ገዝቶ “ይኸው፣ አላልኩም?” አለኝ። ከእረፍት በኋላ ግን ከድንኳኑ ጣሪያ ሥር ሁለቴ ተገልብጬ ኤቫሪስቶ ሲቀልበኝ አየ። ሲወጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ያቺ እህትሽ ናት?” እማዬ፣ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። “አርቲስት” ይላል። ከሥሩ ደግሞ የጥገኝነት ጉዳዬ እስኪወሰን ድረስ ታፓቹላ ካለችበት ከቺያፓስ ግዛት መውጣት አልችልም ይላል። ሰርከስ እኮ ነው! ሰርከስ አንድ ቦታ ይቀመጣል? “ታዲያ የት ልብረር?” ብዬ ብጮህ፣ “እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ እመቤት” አለኝ ሹሙ።

ዶን ፊደንሲዮ የቻለውን ያህል ጠበቀኝ፤ ግን ታፓቹላ ውስጥ ትርኢቱን ያላየ ሰው አልቀረም። ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሰሜን ሄደ። እኔ ታማል የሚሉትን በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ ከምትሸጥ ሴት ግቢ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። አርቲስት ተብዬ ቀላቢ የለኝ፣ ድንኳን የለኝ።

ትናንት ጠዋት ወደ ገበያ ስሄድ፣ የአንድ ባዶ የሙዝ መጋዘን በር ተከፍቶ አየሁ። ኤቫሪስቶ ከመሰላል ላይ ወደ ጣሪያው ተንጠራርቶ የዥዋዥዌ ገመድ ያስራል። የእሱ መታወቂያ አገሩን ሁሉ ያስኬደዋል፤ ደግሞም ከተወለደ ጀምሮ ከአባቱ ድንኳን ተለይቶ አድሮ አያውቅም። “መኪናው ጥሎህ ሄደ እንዴ?” አልኩት። “ወሬውን ተዪና መሰላሉን ያዢ፤ ልወድቅ ነው” አለኝ። ያዝኩለት። ሌላ አልጠየቅኩትም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

የአገራችን ጠባቂ የኮብሬዋ እመቤታችን ጉልበትሽን ታበርታልኝ፣ ደጅሽንም ሰላም ታድርግልኝ። ስለ እኔ ሻማ ስታበሪላት ከእንግዲህ ሁለት አድርጊው።

ልጅሽ