እትዬ መሊካ ፊት የማይባል ቃል

ግንቦት 18
ሙቀቱ አይጣል ነው። የምጽፍበት መጽሔት አዘጋጅ ደወለ። "ለሚቀጥለው እትም ስለ 'እፎይ' ጻፊልን። ሰው መቼ መቼ ይለዋል?" ቀላል መሰለኝ። የሮቢት ገበያ መውጣት ይበቃል። የሽንኩርት ጆንያ ያወረደ ሁሉ ይለዋል። ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣም። ፈተና የጨረሰም። አማቷን የሸኘችም... (ማን እንደሆነች እዚህም አልጽፍም።)

ግንቦት 20
ግቢያችን ውስጥ የተከራዩትን እትዬ መሊካን ጠየቅኋቸው። ማሾ እየለቀሙ፣ "ያን ቃል እኔ ፊት አትበይ" አሉኝ። ለካ አጣዬ ያሠሩት ቤት በሩ የተገጠመ ዕለት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው "እፎይ" ብለው ነበር። በሳምንቱ ከተማው ተቃጠለ። ቤቱም አብሮ።
አሁን እንደገና እያሠሩት ነው። የቀረው ጣራው። "ክረምቱ ካልቀደመኝ እገባለሁ። እስከዚያ አልልም፤ ማንም አይልብኝም።"
ቃሉ ምን አጠፋ? ልል ነበር... ተውኩት።

ሰኔ 3
አብሬያቸው አጣዬ ሄድኩ። ሾፌሩ ሙሀሲን የቆርቆሮውን እስር ከአይሱዙው አወረደና ወገቡን ይዞ "እፎ..." ሲል እትዬ መሊካ ዞር አሉ።
"ምን አልክ?"
"ሳል ነው፣ እትዬ።"
ከዚያ ወዲያ ሲያስል ዋለ፣ ምስኪን።
አናጢው ጋሼ ፀጋዬ ጣራው ላይ ሆነው፣ "መሊካ፣ መተንፈስስ ይፈቀዳል?"
"በአፍንጫ ከሆነ።"
ስድስት ቆርቆሮ ሲቀር ዝናብ መጣ። ጋሼ ፀጋዬ ወረዱ፤ "ያንሸራትታል፣ ዛሬ አይሆንም።" እትዬ መሊካ እስከ ሮቢት ሙሀሲንን በጎን ሲያዩት መጡ። ዝናቡን ያመጣው የሙሀሲን ሳል ይሆን? እኔም ማመን ጀመርኩ እንዴ?

ሰኔ 4
ሲዘንብ ዋለ። አዘጋጁ "ጽሑፉስ?" አለ። "እያለቀ ነው" አልኩት። ውሸት።

ሰኔ 6
ፀሐይ ወጣች። ሄድን። ረፋድ ላይ የመጨረሻው ሚስማር ተመታ። ሁላችንም እትዬ መሊካን አየን። እኔማ ደብተሬን አውጥቻለሁ... አያሳፍርም?
ገቡ። ጣራውን ቀና ብለው አዩ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። ሰሌን አንጥፈው፣ "ጀርባዬን ላሳርፍ" አሉና ጋደም አሉ።
"አሁን ይሉታል" አለ ሙሀሲን በሹክሹክታ።
አንኮራፉ። ያውም እንዴት ያለ ማንኮራፋት።
ጋሼ ፀጋዬ መሰላሉን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣንና አይሱዙው ውስጥ ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ደብተሬን ከደንኩ።
ወዲያው ዝናቡ አዲሱን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠው ጀመር። አልነቁም።