ጫማ የሚሰለፍበት በር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ዛሬም የወደቡ አዳራሽ የፈንጂ ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። ሩዙን ገና ከቅርጫት አላወጣንም ነበር... ውጡ ተባለ፣ ወጣን። ፀሐይ ላይ ቆምን። ውሻው ገብቶ አሽትቶ ወጣ። የተረሳ ቦርሳ ነው አሉ፤ ውስጡ የሕፃን ልብስ። ግቡ ተባለ፣ ገባን።

የቀዘቀዘ ዓሣ ማን ይገዛል?

እማ ግን ሌላ ሥራ ነበረባት፤ ሰልፉን መልሶ መትከል። እዚህ መንገደኛ ራሱ አይሰለፍም፣ ጫማውን ነው የሚያሰልፈው። መርከቡ ላይ አልጋው ቁጥር የለውም፤ ቀድሞ የገባ ነፋስ ያለበትን ይይዛል። ስለዚህ ነጠላ ጫማውን ወይ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ይደረድርና እማን "እትዬ ሎርና፣ ጠብቂልኝ" ብሏት ይሄዳል። ደወል ሲጮህ ሁሉም የራሱን መንትፎ ይሮጣል። ሲመለሱ ጠብ ነው። እማ ቆማ ትጣራለች። ባለ ቀዩ ነጠላ ጫማ ፊት፣ ቀጥሎ ባለ ዶሮዋ፣ አንተ ጎረምሳ ወደ ኋላ፣ የጫማህን ሽታ አውቀዋለሁ... ይስቃሉ፣ ይሰለፋሉ። የሚከራከራት የለም።

እኔ ከኋላዋ ሩዝ በቅጠል እጠቀልላለሁ። እንደዚያ መጣራት? እኔ? ትምህርት ቤት እያለሁ እንኳ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት ያቅተኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

አዲሱ የጥበቃ አለቃ ላስቲሞሳ ሻጮችን ሰበሰበን። የሙታን ቀን ደርሷል፣ ሰው ሁሉ መቃብር ሊጎበኝ ወደየደሴቱ ይጎርፋል፣ ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ዕቃ እንዳላይ አለ። የሰው ዕቃ የተቀበለ ሻጭ ከበሩ ውጭ ነው። ይህን ሲል የሚያየው እማን ነበር።

ከበሩ ውጭ ጥላ የለም። መንገደኛውም አይቆምም፣ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ባለፈው ዓመት የወጣችው ሐብሐብ ሻጭ... አሁን የት ይሆን ያለችው?

ማታ እማ "በቃ፣ አንቀበልም" አለች። ጉሮሮዋን ይዛ ነበር። ሰሞኑን ድምጿ እየሻከረ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ሁለቴ ወጣን። አንደኛው የተረሳ ጃንጥላ ነበር። ሌላው ምንም። ፀሐይ ላይ ቆሜ እግሬ አበጠ...

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27



ጠዋት አባባ ፓንፊሎ መጡ። የካሞቴስ ደሴት ሽማግሌ ናቸው፣ ከተማ ሲመጡ ከእኛ ነው የሚበሉት። በሽቦ የታሰረ የብስኩት ካርቶን አቅፈዋል። ሰልፍ ይያዝልኝ አሉ። እማ ተከልክለናል አለቻቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ነገሯት። ሰማሁ።

"ሳቱርኒና ናት።"

ሚስታቸው ናቸው። እዚህ ከተማ ሆስፒታል ነው የሞቱት። እዚህ መቃብር በኪራይ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ አጥንታቸው ወጣ። ለሙታን ቀን አገራቸው አፈር ሊያስገቧቸው ነው። መርከበኞቹ ግን አጥንት አይጭኑም፣ ማዕበል ይጠራል ይላሉ። ስለዚህ ለማንም እንዳይነገር... ከመሳፈራቸው በፊት ዳገቱ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ሻማ ማብራት ፈልገዋል። አጥንት ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ደግሞ አልቻሉም።

 እማ ካርቶኑን ተቀብላ ከአንዲት ባለ ዘንቢል ሴትዮ ኋላ አስቀመጠችው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የሌላውን ዕቃ በእግሯ ነው የምትገፋው። እሳቸውን ግን በሁለት እጇ አስጠጋቻቸው።

እማ ከሰል ልታመጣ እንደወጣች ደወሉ ጮኸ።

ሁሉም የራሱን ነጠቀ። ካርቶኑን ላነሳ ጎንበስ ስል ጠባቂው ገፍቶ አስወጣኝ። ባዶ ወለል ላይ ካርቶኑ ብቻውን ቀረ። በመስኮቱ አየዋለሁ። ውሻው ገባ፣ አሸተተ፣ አጠገቡ ተኛ። ቢጎትቱት እምቢ፤ ፈንጂ አገኘ ተባለ። ያኔ ወፍራም ልብስ የለበሱት ፈንጂ አምካኞች መጡ። በኃይለኛ ውሃ መትተው ሊበትኑት ነው አለ አንዱ።

ጠባቂዎቹ መንገዱን ዘግተዋል፣ እማ ከማዶ ናት። አባባ ፓንፊሎ ዳገቱ ላይ። ዝም ብል ማን እንደተቀበለ አይታወቅም። ብናገር ቦታችን ይሄዳል። ቦታው የእማ ነው፣ የእኔ አይደለም... ግን እሳቸው ወለሉ ላይ ሲበተኑ ታየኝ።

ላስቲሞሳ አጠገብ ሄጄ "አለቃ" አልኩ። አልሰማኝም። ደገምኩ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ሚስታቸው ናቸው።"

"እነማን?"

"ካርቶኑ ውስጥ ያሉት። የአባባ ፓንፊሎ ሚስት። አጥንታቸው ነው። የተቀበልነው እኛ ነን።"

መለዮውን አወለቀ። ወዲያው መልሶ አደረገው። እጁን አንስቶ ሰዎቹን አስቆማቸው።

ውሻውስ? ያዡ አፍሮ፣ ከሌሊት ጀምሮ ሲያሸት ነው የዋለው፣ ደክሞት ነው አለ።

ስንገባ እንደተለመደው ጠብ። እማ የለችም። ማን እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ድምፅ "ባለ ዘንቢሏ ፊት፣ ቀጥሎ እትዬ ሳቱርኒና" አለ። የእኔ ነበር።

መርከበኛው አጥንት አልጭንም አለ። ባለ ዘንቢሏ ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀመጠችና "ሰልፋቸውን ይዘዋል። እሳቸው ካልገቡ እኔም አልገባም" አለችው። ከኋላዋ ያሉትም አልተነቃነቁም። አባባ ፓንፊሎ እያለከለኩ ሲደርሱ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፣ ካርቶናቸውን አቅፈው ተሳፈሩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ወጣን። ጠረጴዛችንን በአንድ በኩል ላስቲሞሳ ራሱ ይዞ ከበሩ ውጭ አወጣው። "ትእዛዝ ነው እትዬ" አለ፣ ሳያያት።

እማ አልተቆጣችኝም። ማታ ጨው በሞቀ ውሃ እየተጉመጠመጠች ቆየችና፣ "እንኳን ተናገርሽ" አለች። 

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አንሶላ ወጥረን ጥላ ሠራን። ነፋሱ ይገለብጠዋል። ሽያጩ ከውስጡ ግማሽ እንኳ አይሆንም። ደወሉ ሲጮህ ግን አንነሳም፣ ውጭ ነን። ሰው ወደ እኛ ይጎርፋል፣ የሚጠማውም እዚህ ነው።

ዛሬ ማለዳ አንድ ሰው ጠረጴዛችን ፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ ነጠላ ጫማውን ትቶ ሄደ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ዘንቢል። ላስቲሞሳ ከበሩ አየ። ዞር አለ። ከበሩ ውጭ የእሱ አይደለም።

ከቀትር በኋላ ደወሉ ጮኸ። የታሸገ ዓሣ ነበር አሉ፣ በረዶው ቀልጦ የሚንጠባጠብ። ሲመለሱ ጠቡ ተጀመረ። እማ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ወደ እኔ አየች።

ሩዙን አስቀምጬ ተነሳሁ።